የውድድር ቁጥርና ጽሑፍን ከመኪና መስታወት ላይ ያለ ጭረት ማስለቀቅ፦ ዝርዝር መመሪያ

ውድድሩ እሁድ ያልቃል፤ ጣጣው ሰኞ ጠዋት ይጀምራል። የኋላ መስታወት ላይ ትልቅ ቁጥር አለ። ጎን ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈ የቡድን ስም፣ ከፊት ደግሞ «አጃቢ» የሚል ስቲከር። የመኪና ውድድርም ይሁን፣ ኅዳር ላይ መስቀል አደባባይን የሚሞላው ታላቁ ሩጫ፣ መኪናው ላይ የሚቀረው ነገር ያው ነው።

ከዚያ በኋላ የምሰማው ቅሬታም ያው ነው። «ስቲከሩ ተነሳ፣ ሙጫው ቀረ።» «በምላጭ ፋቅኩት፣ ተጫረ።» «ቀለሙን ጠረግኩት፣ መስታወቱ በሙሉ ነጭ ጉም ለበሰ።» የሦስቱም መነሻ አንድ ነው፦ በደረቁ ጀምሮ በጉልበት መጨረስ። ሥራውን የሚሠራው እርጥበቱና ጊዜው ነው። እጃችሁ የሚያደርገው ማንሳት ብቻ ነው። ጠቅላላ ሥራው ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ፦ የማይነኩትን ለዩ

ጨርቅ ከማንሳታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ዙር ዙሩትና እነዚህን እዩ።

ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር። የዘንድሮዎቹን ማለቴ ነው። የፊት መስታወቱን ከውስጥ የምታጸዱ ከሆነ በእነሱ ዙሪያ አራት ጣት ያህል ቦታ ተዉ። አልኮል ከነካቸው ጽሑፋቸው ይለቃል፤ የለቀቀ ቦሎ ይዛችሁ ደግሞ ትራፊክ ፊት ማስረዳት ነው። በወረቀት ሸፍናችሁ ጠርዙን በፕላስተር ያዙት፤ ፕላስተሩ ግን ቦሎውን ራሱን እንዳይነካ።

ፊልም። ጥቁር መስታወት ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ከፋብሪካው ጀምሮ መስታወቱ ራሱ ጠቆር ያለ ነው፤ እሱ አያሳስብም። ሌላው ከውስጥ የተለጠፈ ስስ ፕላስቲክ ነው። ለመለየት መስታወቱን ግማሽ ድረስ አውርዱና የላይኛውን ጠርዝ እዩ። ከጠርዙ ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚያበቃ ቀጭን መስመር ካያችሁ ፊልም ነው። ፊልም ባለበት ጎን ምላጭ፣ አሴቶን፣ ቲነርና አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃ ክልክል ነው።

የኋላ መስታወት ሽቦዎች። አግድም የተሰመሩት ቀጫጭን ቡናማ መስመሮች ጌጥ አይደሉም። ጉም የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። ከውስጥ በኩል መስታወቱ ላይ የተቀቡ እንጂ መሃሉ የተቀበሩ አይደሉም፤ ስለዚህ በምላጭ ይቆረጣሉ። በአንዳንድ መኪኖች የሬዲዮው አንቴናም እዚያው ነው።

የተሰነጠቀ ወይም ጠጠር የመታው የፊት መስታወት። እዚህ ላይ ሙቀት አትጠቀሙ። የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች በመሃል በፕላስቲክ ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ትንሿ ስንጥቅ በድንገተኛ ሙቀት ትሮጣለች።

ደረጃ 1፦ ምን እንደተጻፈበት እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁሉንም «ስቲከር» ወይም «ቀለም» ብሎ ይጠራውና አንድ ዓይነት መድኃኒት ይፈልጋል። መጀመሪያ ቁጥሩ ከውጭ ነው ከውስጥ? ጥፍራችሁን ከውጭ አሳልፉበት። ካልቆረቆረ ከውስጥ ነው። ከዚያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ መርጣችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ሞክሩ።

1. እርጥብ ጣት አሹበት። ነጭ ወይም ባለ ቀለም ውሃ ከወጣ የጠመኔ ማርከር ነው። ቀላሉ ይኼ ነው።
2. በውሃ ካልለቀቀ ጥጥ ላይ አልኮል አድርጋችሁ ለ30 ሰከንድ ያዙበት። ከለሰለሰና ከተንከባለለ ፈሳሽ ነጭ የጫማ ቀለም ወይም ቋሚ ማርከር ነው።
3. ጠርዙ በጥፍር ብድግ ካለና እንደ ላስቲክ ከተሳበ ስቲከር ነው።
4. ጠርዙ እንደ ብስኩት ከተሰባበረ ፀሐይ የበላው ስቲከር ወይም ፕላስተር ነው። ትዕግሥታችሁን አዘጋጁ።
5. አልኮልም ካልነካው፣ ጥፍርም ካልያዘው፣ የሚረጭ ቀለም ወይም የዘይት ቀለም ነው። የመጨረሻውና ከባዱ ይኼ ነው።

አንድ መኪና ላይ ሦስት ዓይነት ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ስቲከር፣ ስሙ ማርከር፣ ዙሪያው ፕላስተር። እያንዳንዱን ለየብቻ ያዙት።

ደረጃ 2፦ ዕቃ አሰናዱ

ከአንድ ሱቅና ከአንድ ፋርማሲ የማያልፍ ነው።

– 2 ባልዲ። አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለንጹሕ ውሃ። በአንድ ባልዲ የሚሠራ ሰው አሸዋውን መልሶ መስታወቱ ላይ ነው የሚያሸው።
– ላርጎ ወይም ሌላ ፈሳሽ ሳሙና። ለ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ይበቃል።
– ከፋርማሲ የሚሸጠው 70% አልኮል። የሳኒታይዘር ጄል ካላችሁም ጥሩ ነው፤ ስለሚወፍር ቶሎ አይፈስም።
– ጥቂት የምግብ ዘይት። የቤቱ ማንኛውም ዘይት ይሆናል።
– አቼቶ፣ ነጩ።
– ጥቅል ሶፍት፣ 4 ወይም 5 ንጹሕ ጨርቅ። ማይክሮፋይበር ከተገኘ እሰየው፤ ካልተገኘ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት። ቁልፍና ዚፕ የሌለው።
– ጊዜው ያለፈበት ኤቲኤም ካርድ። ከዚህ የተሻለ መፋቂያ አላገኘሁም።
– ፎን፣ ማለትም የፀጉር ማድረቂያ። ለስቲከር ብቻ።
– አዲስ ምላጭ ከነመያዣው። ለውጭ በኩል ብቻ፣ ያውም ሌላው ሁሉ ሲያቅት።

የማትገዙትንም ልንገራችሁ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይሆንም። በረኪና ሙጫ ላይ ምንም አይሠራም፤ የቀሚሳችሁንና የወንበሩን ጨርቅ ግን ያነጣዋል። ቤንዚን ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው በአጠገብ ያልፋል፣ ጎን ላይ ጀበና የጣደች ልጅ ከሰሏን ታራግባለች። ከተማችን ውስጥ እሳት ሩቅ አይደለም።

ደረጃ 3፦ ቦታና ሰዓት ምረጡ

ቀጥታ ፀሐይ ላይ አትሥሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ቀኑ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩዋ መስታወት ላይ ትበረታለች። የረጫችሁት ሳሙና ሥራ ሳይጀምር ይደርቃል። የደረቀ ሳሙና ሌላ ቆሻሻ ነው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ተኩል ጥሩ ነው። ከዚያ በፊት መስታወቱ በጣም ቀዝቃዛ ነው፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። ከ10 ሰዓት በኋላም ይሆናል፣ ካልዘነበ።

ግቢ ያለው ግቢው ውስጥ ይሥራ። መሃል ከተማ የሚሠራ ሰው መኪናውን እንደ መስቀል አደባባዩ ዓይነት ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ አቁሞ ጥላውን ሊመኝ ይችላል። ለማርከርና ለሳሙና ሥራ ጥላው አይጠላም፤ ባልዲ ይዞ መግባቱን ግን ጥበቃዎቹን ጠይቁ። አልኮል፣ አሴቶንና ቲነር ግን እንደዚያ ባለ ዝግ ቦታ አይከፈትም። ሽታው ራስ ያዞራል፣ እንፋሎቱም ይቀጣጠላል። ለእነሱ አየር የሚነፍስበት ቦታ ፈልጉ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ 20 ሊትር ጄሪካን አስቀድማችሁ ሙሉ። ሳሙና ቀብቶ ውሃ መጠበቅን የሚያህል ቅጣት የለም።

ደረጃ 4፦ አቧራውን አስወግዱ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው በኋላ ምላጩን ይራገማል። ከተማው በሙሉ ግንባታ ላይ ነው፤ መስታወታችሁ ላይ ያለው አቧራ ስሚንቶና አሸዋ ነው። መስታወት በጨርቅ አይጫርም። በጨርቁ ሥር ባለው አሸዋ ግን ይጫራል።

1. ከላይ ወደ ታች ንጹሕ ውሃ አፍስሱ። በእጅ አትንኩት።
2. በሳሙና ውሃ የተነከረ ጨርቅ ሳትጫኑ አሳልፉ።
3. ጨርቁን በንጹሑ ባልዲ እጠቡ፣ ደግማችሁ አሳልፉ።
4. በመስታወቱ ጠርዝ ያለውን ላስቲክም ጥረጉ። አሸዋው የሚደበቀው እዚያ ነው።
5. የዝናብ መጥረጊያውን ወደ ላይ አንሱት። ሥራው እስኪያልቅ እንደተነሳ ይቆይ። በቀለም ላይ መጥረጊያውን ካሠራችሁ ጎማው ቀለሙን ይጠጣና በመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይቀባችኋል።

የፈላ ውሃ አታፍሱ። «እዚህ ከተማ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም» ብሎ የተከራከረኝ ሰው ነበር። ልክ ነው፣ ከፍታው ስላለ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ለቀዝቃዛ መስታወት ግን 92ም ያው ነው። ጣታችሁ የሚችለው ለብ ያለ ውሃ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ እንደየዓይነቱ አስለቅቁ

*ሀ. የጠመኔ ማርከር*

በሳሙና ውሃ አርጥቡት፣ 3 ደቂቃ ጠብቁ፣ ጥረጉ። አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አስተውሉ፦ አጠራረጋችሁ ከውጭ ወደ መሃል ይሁን። ከመሃል ወደ ውጭ ከጠረጋችሁ ቀለሙን ወደ ላስቲኩ ትገፉታላችሁ። ላስቲክ ቀለም ከጠጣ በቀላሉ አይመለስም። አንድ ጊዜ የጠረገውን የጨርቅ ገጽ ገልብጡት። ነጭ ጉም የሚባለው ነገር የሚመጣው በቆሸሸ ጨርቅ ደጋግሞ ከማሸት ነው።

*ለ. ነጭ የጫማ ቀለምና ቋሚ ማርከር*

የጫማ ቀለም ሲደርቅ ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይሠራል። በውሃ የሚታጠብ ይመስላል፣ ግን አይታጠብም። ይህን አድርጉ።

1. ሶፍት በአልኮል ንከሩና ጽሑፉ ላይ ለጥፉት። እርጥብ ሶፍት መስታወት ላይ በራሱ ይይዛል።
2. ላዩን በፌስታል ሸፍኑት፣ እንዳይደርቅ። 5 ደቂቃ ተዉት።
3. ሶፍቱን ስታነሱ በዚያው ጽሑፉን ይዛችሁ ጥረጉ።
4. የቀረውን በካርዱ ጠርዝ ግፉት። መስታወቱ እርጥብ ይሁን።
5. ወዲያው በሳሙና ውሃ እጠቡ።

ሙሉ መስታወቱን በአንዴ አትንከሩ። አንድ ፊደል ወይም አንድ ቁጥር ጨርሳችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ። አልኮሉ በመኪናው ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ ከመስታወቱ ሥር ደረቅ ጨርቅ አንጥፉ። ከተንጠባጠበ አትሹት፤ ውሃ አፍስሱበት።

ከውስጥ ፊልም ላይ የተጻፈ ከሆነ አልኮሉን ጥጥ ላይ ትንሽ ብቻ አድርጉና መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩ። ጥጡ ላይ የፊልሙ ጥቁረት ከታየ አቁሙ። ከዚያ በኋላ ሳሙናና ትዕግሥት ብቻ ነው።

*ሐ. የቁጥር ስቲከር*

እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በብዛት የሚበላሸው ይኼ ነው።

ስቲከር የሚነቀልበት ሙቀት አለው። ሲቀዘቅዝ ይቀደዳል። ሲግል ሙጫው ይቀልጥና መስታወቱ ላይ ይቀራል። የምንፈልገው መሃሉን ነው፤ እጃችሁን ስታስቀምጡበት ሞቅ የሚል ግን የማያቃጥል።

1. ፎኑን ከመስታወቱ አንድ ስንዝር አርቁ። እያንቀሳቀሳችሁ ለ1 ደቂቃ አሙቁ። አንድ ቦታ አትያዙት።
2. ከላይኛው ጥግ ጀምሩ። ጥፍር ወይም ካርድ አስገብታችሁ 2 ሴንቲሜትር ያህል ብድግ አድርጉ።
3. ያነሳችሁትን ጫፍ ወደ ኋላ እጠፉት፤ በራሱ በስቲከሩ ጀርባ ላይ ተኝቶ እንዲሄድ። ወደ ራሳችሁ አትሳቡት። ወደ እናንተ የሚሳብ ስቲከር ሙጫውን ትቶ ይመጣል፤ ታጥፎ የሚሳበው ይዞት ይመጣል።
4. በዝግታ ሳቡ። በጣም በዝግታ። በ1 ሰከንድ ከ1 ሴንቲሜትር አይብለጥ። ችኮላ ባለበት ቦታ ሁሉ ሙጫ ይቀራል።
5. ሲከብድ አትታገሉ። አቁሙ፣ ደግማችሁ አሙቁ፣ ቀጥሉ።
6. ከተቀደደ ከሌላው ጥግ ጀምሩ። የተቀደደውን ጫፍ መቆፈር ጊዜ ማባከን ነው።

መብራት ከጠፋ ወይም ፎን ከሌለ? ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራችሁ ጨምቁና ስቲከሩ ላይ ለ2 ደቂቃ አስቀምጡ። ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። ያም አልሆን ካለ መኪናውን ለ20 ደቂቃ ፀሐይ ላይ አቁሙና ወደ ጥላ መልሱ። ነፃ ፎን ማለት ነው።

*መ. ፀሐይ የበላው ፕላስተር*

ሳምንት ሙሉ የሰነበተ ፕላስተር ወረቀቱ ይነሳል፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። በፎን አትልፉ፤ ይብስበታል። የሚነሳውን በእጅ አንሱና በቀጥታ ወደ ደረጃ 6 እለፉ።

*ሠ. የሚረጭ ቀለም ወይም የዘይት ቀለም*

ከውጭና ፊልም በሌለበት መስታወት ላይ ብቻ። ከውስጥ ከሆነ ወይም ከፊልም ጋር ከተገናኘ ለባለሙያ ስጡት።

ሙከራው በአሴቶን ይጀምራል፤ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ማለት ነው። ጥጥ ላይ፣ በትንሽ በትንሹ። በጠርሙስ አታፍሱ። አሴቶንና ቲነር የመኪናውን ቀለም ያኮማትራሉ፣ ላስቲክን ያደርቃሉ፣ የፋኖሱን ፕላስቲክና በበሩ መስታወት ላይ የሚለጠፈውን የዝናብ መከላከያ ለዘለዓለም ያደበዝዛሉ። ስለዚህ በመስታወቱ ዙሪያ ያለውን ሁሉ በወረቀትና በፕላስተር ሸፍኑ። ጓንት አድርጉ።

ምላጭ የሚመጣው አሁን ነው። አዲስ ይሁን። መስታወቱ በሳሙና ውሃ የራሰ ይሁን። ምላጩን አጋድማችሁ ያዙት፣ 30 ዲግሪ ያህል። ወደ ፊት ብቻ ግፉ። ወደ ኋላ አትመልሱት፤ አንሱና እንደገና ጀምሩ። በየ5 ግፊው ጠርዙን ጥረጉና ተጨማሪ ሳሙና ርጩ። የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ከሰማችሁ በሥሩ አሸዋ አለ። ወዲያው አቁሙና እጠቡ።

ደረጃ 6፦ የቀረውን ሙጫ አንሱ

ሙጫ ላይ በቀጥታ ሳሙና የሚያሽ ሰው ሲሟሟ ሳይሆን ሲንከባለል ነው የሚያየው። ሙጫን የሚያለሰልሰው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚያነሳው ሳሙና ነው። የሳሙናውን ቅሪት የሚያነሳው አልኮል ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

1. የምግብ ዘይት በሶፍት ቀቡና ሶፍቱን እዚያው ለጥፉት። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቡናችሁን ጠጡ።
2. ሙጫውን በካርዱ ግፉት። እየተጠቀለለ ይወጣል። ካርዱን በየጊዜው ጥረጉ።
3. እምቢ ያለውን ክፍል እንደገና ዘይት ቀቡ። ሁለተኛው ዙር ብዙ ጊዜ ይጨርሰዋል።
4. ሳሙናውን ሳትበጠብጡ፣ ያለ ውሃ፣ ቅባቱ ላይ አሹ። ከዚያ ነው ውሃ። ውሃ ከቀደመ ዘይቱ ይሰራጫል።
5. በአልኮል በራሰ ጨርቅ አንድ ጊዜ አሳልፉ።

ነጭ ጋዝ ከዘይት ይፈጥናል። ጋራዥ ውስጥ ብትጠይቁ መጀመሪያ የሚሰጧችሁ እሱን ነው። ብትጠቀሙት ጨርቅ ላይ ጥቂት ጠብታ ይበቃል፤ ከእሳት ርቃችሁ፣ ከውጭ ብቻ። ከውስጥ ከቀባችሁት ሽታው ለሳምንት መኪናው ውስጥ አብሯችሁ ይኖራል። ጨርቁንም ክሩስኮት ላይ ወርውራችሁ አትርሱት።

ደረጃ 7፦ የኋላ መስታወት ከውስጥ

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ቁጥሩን ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ከውስጥ ለጠፍኩት። ማግስቱን ቸኩዬ በምላጭ ፋቅኩት። መስታወቱ እንደ አዲስ አበራ፣ እኔም ደስ አለኝ። ክረምት ሲገባ የኋላውን የጉም ማጥፊያ አበራሁት፤ መስታወቱ ከላይና ከታች ጠራ፣ መሃሉ ላይ የቁጥሩ ስፋት ያህል ጉም ቀረ። ሦስት ሽቦ ቆርጬ ነበር። ቁጥሩን አነሳሁት ብዬ ቅርጹን ለዘለቄታው ጽፌው ቀረሁ።

ስለዚህ እዚህ ላይ ደንቡ ጥብቅ ነው። ምላጭ የለም። ካርድም ቢሆን በሽቦዎቹ አቅጣጫ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ። ከላይ ወደ ታች አይሆንም። ስቲከሩን ስትስቡም እንደዚያው አግድም ሳቡት። የሙቀት ሥራውን ከውጭ አድርጉ፤ ፎኑን ከውጭ፣ እጃችሁን ከውስጥ። አንድ ሰው ቢያግዛችሁ ይቀልላል። ሙጫውን በዘይት አለስልሱና በጨርቅ ብቻ አንሱ። ከሥር ያለውን ወንበርና የድምፅ ማጉያ በፎጣ ሸፍኑ።

ስትጨርሱ ጉም ማጥፊያውን አብሩና በአፋችሁ እፍ በሉበት። ጉሙ በሁሉም መስመር እኩል ከጠፋ ተርፋችኋል።

ደረጃ 8፦ መጨረሻ ማጽዳት

አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሉ። ርጩና በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የጋዜጣ ወረቀትም እንደ ድሮው ይሠራል፤ እናቶቻችን አዲስ ዘመንን አንብበው ሲጨርሱ መስኮት ያጠቡበት የነበረው በከንቱ አይደለም። ወረቀቱን ጨማድዱት፣ እጃችሁ ግን በቀለሙ ይጠቁራል። ከውጭ ከላይ ወደ ታች፣ ከውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጉ። መስመር ከቀረ በየትኛው በኩል እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ። የዝናብ መጥረጊያውን ጎማም በአልኮል ጠርጋችሁ መልሱት።

ነገር ሲበላሽ

*የቁጥሩ ጥላ ቀረ።* ሙጫ የለም፣ ግን መስታወቱ ሲጉም «27» ብሎ ብቅ ይላል። በስቲከሩ ዙሪያ ያለው መስታወት የውሃ ጨውና ቆሻሻ ይዟል፤ ሥሩ ግን ንጹሕ ነው። የሚጸዳው እንግዲህ ቁጥሩ ሳይሆን ዙሪያው ነው። በአቼቶ የራሰ ሶፍት 5 ደቂቃ አስቀምጡና እጠቡ። ካልሆነ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ሙሉ መስታወቱን በእርጥብ ጨርቅ በቀስታ እሹ። ፊልምና ሽቦ ባለበት በኩል አይደለም።

*ነጭ ጉም ለበሰ።* ቀለሙን አላነሳችሁትም፤ አሟሙታችሁ ነው ያሰራጫችሁት። በዚያው ጨርቅ አትቀጥሉ። ሁለት አዲስ ጨርቅ ውሰዱ፤ በአንዱ አልኮል፣ በሌላው ወዲያው ማድረቅ።

*ላስቲኩ ነጭ ሆነ።* ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ። ካልለቀቀ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ አሳልፉ። ቲነር አታስጠጉት።

*ጭረት ወጣ።* ጥፍራችሁን አሳልፉበት። ጥፍር ካልያዘው የመስታወት ማለስለሻ የሚሠሩ ሰዎች ሊያሳንሱት ይችላሉ። ጥፍር ከያዘው አይጠፋም። ጥያቄው የት ላይ ነው የሚለው ነው፤ በሹፌሩ ዓይን ፊት ከሆነ ማታ የመጪ መኪና መብራት ይሰብርበታልና ስለመቀየር አስቡ።

*ሽቦ ተቆረጠ።* ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም አለ። ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ጠይቁ። የተቆረጠውን ቦታ ግራና ቀኝ በፕላስተር አጥራችሁ በመሃሉ ትቀቡታላችሁ። እኔ ሁለቱን መልሻለሁ። ሦስተኛው አሁንም እንደተቆረጠ ነው።

*ላቫጆ ወስዳችሁት ልጁ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አነሳ።* «ጋሼ፣ በሁለት ደቂቃ ላሽ አደርገዋለሁ» ይላችኋል። ልቡ ቅን ነው፣ ሽቦው ግን አይደለም። ካርዱንና ዘይቱን ስጡትና አብራችሁት ቁሙ።

ለሚቀጥለው ውድድር

ከመለጠፋችሁ በፊት መስታወቱን በአልኮል ጥረጉ፤ ንጹሕ ላይ የተለጠፈ ንጹሕ ሆኖ ይነሳል። ከውጭ ለጥፉ። ስቲከር ስታሠሩ ጊዜያዊ ሙጫ ያለውን ጠይቁ፤ ማተሚያ ቤቶቹ «ተነቃይ» ብትሏቸው ይገባቸዋል። ሹፌሩ የሚያይበትን መስታወት ባዶ ተዉት። ውድድሩ ባለቀበት ቀን ማታ፣ ቢደክማችሁም፣ አንሱት። በአንድ ቀን ፀሐይና በአንድ ሳምንት ፀሐይ መካከል ያለው ልዩነት የ10 ደቂቃና የ2 ሰዓት ሥራ ነው።

ዕቃው ከተዘረጋ ዘንድ አንድ ሌላ ሥራም አለ። የፊት መስታወታችሁ ላይ ከዓመት ዓመት የተደረደሩትን ያለፈባቸው ቦሎዎች እዩአቸው። ደረጃ 6 ለእነሱም ይሠራል፤ ወረቀቱን በሳሙና ውሃ አርሱት፣ በካርድ ላጡት፣ ሙጫውን በዘይት። የዘንድሮውን ግን ሁለት ጊዜ አንብባችሁ ለዩት።